የእማማ ወንድም መብት



በዚህ ዓመት የቅርስ ትምህርት መምህራችን ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ጥያቄ ሰጥተው ከቤታችን ሽማግሌዎች ጋር ተነጋግረን እንድንጽፍ አዘዙን። ለጓደኞቼ የደረሳቸው ስለ ሠርግ፣ ስለ ሸክላ ሥራና ስለ ሱዳን ጉዞ ነበር። ለእኔ የደረሰኝ ግን «መብት ከየት ይመጣል? ከተፈጥሮ ነው ወይስ ከመንግሥትና ከሕግ?» የሚል ነው። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ይህ የኤዝራሁት ፈተና ጥያቄ ነው እንጂ አያትን የሚጠይቁት ነገር አይደለም አልኩ። ተሳስቼ ነበር። በዚህ ጥያቄ ምክንያት አባባና እማማ ሁለት ሳምንት ሙሉ ተኳርፈው ሰንብተዋል። ይህን ከመጻፌ በፊት የሁለቱንም ፈቃድ ጠይቄአለሁ። አባባ «እውነቱን ከሆነ ጻፊው» አሉኝ። እማማ ደግሞ «የሰው ስም እንዳትጠሪ» አሉኝ። ስለዚህ ስም አልጠራም።

በክፍል የተማርነውን በአጭሩ ልንገራችሁ። በ17ኛው መቶ ዓመት ጆን ሎክ የሚባል እንግሊዛዊ የሕይወት፣ የነፃነትና የንብረት መብት መንግሥት ሳይኖርም የነበረ ነው ብሎ አስተማረ። ከመቶ ዓመት በኋላ ጄረሚ ቤንተም የሚባል ሌላ እንግሊዛዊ ተነሥቶ ይህ ባዶ ወሬ ነው፣ ሕግ በሌለበት መብት የለም አለ። መምህራችን የእስራኤልን የነፃነት መግለጫም አነበቡልን። በ1948 መንግሥቱን ያወጁት ሰዎች ሁለቱንም በአንድ ላይ አስገብተዋል። የተፈጥሮና የታሪክ መብታችን ነው ይሉና ወዲያው የተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ ይጨምሩበታል። ያ ውሳኔ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 29 ቀን 1947 የተላለፈው ነው። እኔም በልቤ፣ እነሱም እንደ እኔ መምረጥ አቅቷቸው ይሆናል ብዬ ሳቅኩ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነበር። እማማ የሰንበቱን ዳቦ ጋግረው ጨርሰዋል፣ አባባ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ጥያቄውን አቀረብኩላቸው። «መብት» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ አስደገሙኝና እንዲህ አሉኝ፤ «እኛ አገር መብት ሲባል አልሰማሁም። ርስት ነበር የሚባለው። ርስት ያለው ሰው ነው፣ የሌለው ጭሰኛ ነው።»

ርስት ምን እንደሆነ እኛ ልጆች አናውቀውም። አባባ እንዳስረዱኝ፣ በጎንደር አገር አንድ ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል ዘሩን ቆጥሮ የመጀመሪያው አቅኚ ላይ ከደረሰ ከዚያ መሬት ድርሻ አለው። ንጉሥ ስለ ፈቀደለት አይደለም፣ ከዚያ ዘር ስለ ተወለደ ነው። ርቆ ሄዶ ቢኖርም ድርሻው አይጠፋም። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚባለው ለዚህ ነው። እንግዲህ ሎክን ሳያነቡት ያገሩ ገበሬ ሁሉ ከልደት የሚመጣ መብት ያውቅ ነበር ማለት ነው። ነገር ግን ቤተ እስራኤል ዘሩን ቢቆጥር የሚሰማው የለም። በአባቶቻችን ዘንድ እንደሚነገረው፣ በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በነገሠው በዐፄ ይስሐቅ ዘመን፣ የተጠመቀ የአባቱን መሬት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ፈላሲ ሆኖ ይቅር ተባለ። «ፈላሻ» የሚለው ስምም ከዚያ መጣ ይባላል።

አባባ የተወለዱት በወገራ ነው። አባታቸው ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። ቀን መሬት ያርሳሉ፣ ማታ ማረሻና ማጭድ ይሠራሉ። መሬቱ የባላባት ነው። ከምርቱ ሲሶውን፣ አንዳንዱ ዘመን እኩሌታውን ይከፍላሉ። ባላባቱ ከተቆጣ ደግሞ እህሉ ሳይታጨድ ልቀቁ ይላቸዋል። «ርስቱ ነበረን» አሉኝ አባባ። «እግዚአብሔር የሰጠውን ንጉሥ ቢቀማው የንጉሥ አይሆንም። ጻፊ! መብት ከፈጣሪ ነው። መንግሥት ጸሐፊ ነው፤ አንዳንዴ በትክክል ይጽፋል፣ አንዳንዴ ይሰርዛል።»

በጣም ደስ አለኝ። ሥራዬ በአንድ ቀን ያለቀ መሰለኝ።

ከዚያ በ1967 ዓ.ም. የሆነውን ነገሩኝ። የካቲት 25 ቀን፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ማርች 4 ቀን 1975 መሆኑ ነው፣ ደርግ የገጠር መሬት አዋጅ አወጣ። ጭሰኝነት ቀረ፤ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር ሳይበልጥ የሚያርሰው መሬት እንዲያገኝ ተወሰነ። እምነትህ ምንድነው፣ ተጠምቀሃል ወይ የሚል ጥያቄ በአዋጁ የለም። በአባባ መንደር ዘማች ተማሪዎች መጥተው መሬቱን በገመድ ለኩት። ሠላሳ ዓመት ለሆናቸው ለአባባም ሦስት ጥማድ ደረሳቸው። ባላባቶቹ አኮረፉ፤ ኋላም ኢዲዩ በጎንደር በኩል ሲነሣ ስንቱ ወገናችን ተንገላታ። ቢሆንም ያን ዕለት አባታቸው ከመሬቱ አፈር ዘግነው በኩታቸው ጫፍ ቋጠሩት።

«አዋጁ ባይወጣስ ኖሮ አባባ?» አልኳቸው። ብዙ ዝም አሉ። «ጭሰኛ እንደሆንኩ እሞት ነበር» አሉ።

ይህን መልሳቸውን ብዙ አሰብኩበት። መብቱ የፈጣሪ ነው ካሉ በኋላ፣ ያለ አዋጁ ግን ምንም አልነበረም አሉ። ደግሞ አዋጁ ራሱ መሬቱ የሕዝብ ነው፣ መሸጥ መለወጥ አይቻልም ይላል። አባባም አርሰው አልጠገቡትም፤ በ1984 በሌሊት ጥለውት ወጡ።

አሁን ደግሞ እኔ ከመጽሐፍ ያገኘሁትን ነገርኳቸው። በ1950 ዴቪድ ቤን ጉሪዮን የመመለስ ሕግን ለክነሴት ሲያቀርብ፣ ይህን መብት ለአይሁዳዊ የሚሰጠው መንግሥት አይደለም፣ አይሁዳዊ በመሆኑ ብቻ ከእሱ ጋር ያለ ነው፣ ከመንግሥቱም በፊት የነበረ ነው ብሎ ተናግሯል። እንደ አባባ ቃል ማለት ነው። ነገር ግን ያ ከመንግሥት በፊት የነበረ መብት ለቤተ እስራኤል ወዲያው አልሠራም። ራቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው የፈረዱት በ1973 ነው። መንግሥትም የመመለስ ሕግ እነሱንም ይመለከታል ብሎ የወሰነው በ1975 ነው። ልብ በሉ፣ የመሬቱ አዋጅ በወጣበት በዚያው ዓመት! በአንድ ዓመት ሁለት መንግሥታት፣ አንዱ በአዲስ አበባ አንዱ በእየሩሳሌም፣ ለአባባ ርስት ጻፉላቸው። የመጀመሪያውን በገመድ ተለክቶ አዩት። ሁለተኛውን ግን ማንም አልነገራቸውም።

አባባ በጣታቸው ቆጠሩ። «በ1950 እኔ የአምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እንግዲያ መብቴ ከእኔ ጋር አብራ አድጋለች፤ ሳንተያይ ኖረናል ማለት ነው» ብለው ሳቁ።

ስለ ጉዞው አላበዛም፣ ጓደኞቼ በዚሁ መጽሔት ጽፈውታል። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ማንም ሰው የገዛ አገሩን ጨምሮ ከማንኛውም አገር የመውጣት መብት አለው የሚለው የ1948ቱ ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ አንቀጽ 13 ነው፤ ኢትዮጵያም ድምፅ ሰጥታ ደግፋዋለች። በ1984 ግን ደርግ ከልክሎ ስለነበር ሰው እንደ ሌባ በጨለማ ወጣ። እማማ እናቴን አዝለው ነበር። ከእናቴ በላይ የነበረውን ልጅ ኡም ረኩባ ቀበሩት። ያ ወረቀት ያን ጊዜ የት ነበር?

እዚህ ከደረሱ በኋላም የራቢዎቹ አለቆች በውኃ ካልነጻችሁ ጋብቻችሁን አንመዘግብም አሉ። በ1985 በመስከረምና በጥቅምት ወር ሕዝባችን በእየሩሳሌም አንድ ወር ያህል ደጅ ላይ ሲቀመጥ አባባ አብረው ተቀምጠዋል። «ወገራ ላይ ተጠመቅ ሲሉኝ እንቢ ያልኩ ሰው፣ እየሩሳሌም መጥቼ ንጻ ስባል እሺ ልል ኖሯል?» ይላሉ። በሁለቱም ውኃ አልገባሁም የሚለው የአባባ ትልቁ ኩራት ነው፤ የሚያውቋቸው ሁሉ ሰምተውታል።

ይህንኑ ሲናገሩ ነው እማማ ከውስጥ የወጡት። እጃቸውን በመቀነታቸው እየጠረጉ «ታዲያ የወንድሜስ መብት ከየት ነው የሚመጣው?» አሉ።

ይህን ታሪክ እስከዚያ ቀን በሙሉ አልሰማሁትም ነበር። የእማማ ታላቅ ወንድም አራት ልጆች ነበሩት። በ1965 ዓ.ም. የሚያርስበት ባላባት፣ ተጠመቅና እኔው ክርስትና አባት እሆንሃለሁ፣ የወንዙን ዳር መሬት ላንተና ለልጆችህ እሰጥሃለሁ አለው። ካልሆነ ልቀቅ። ተጠመቀ። የእማማ እናት እንደ ሞተ ሰው አለቀሱለት፣ ለቅሶ ተቀመጡ። ከዚያ ወዲያ ወደ መንደራችን ሲመጣ ከጎጆው ውጭ ቆሞ ነው የሚያወራው፣ እህል በሌላ ዕቃ ነው የሚሰጠው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ አዋጁ ወጣ። ያልተጠመቀውም መሬት አገኘ።

«ሁለት ዓመት መታገሥ አቃተው» አሉ አባባ።

«ረሃብ ዓመት ይቆጥራል እንዴ?» አሉ እማማ። «አዋጁ ለእርስዎ መሬት ሰጠዎት። እሱ በመሬት የለወጠውን ማን አዋጅ ይመልስለት?»

ያ ሰው ልጆቹን ይዞ ወደ ጎንደር ከተማ ወረደ። እዚያ ከሚጠብቁት ጋር እየጸለየ፣ ሰንበት እየጠበቀ፣ በስተርጅና የዕብራይስጥ ፊደል ተማረ። የመመለስ ሕግ በ1970 ሲሻሻል ለአይሁዳዊ ልጅና የልጅ ልጅም መብት ሰጥቷል፤ ነገር ግን አይሁዳዊ ሆኖ በፈቃዱ ሃይማኖቱን የለወጠውን ከዚህ አውጥቶታል። ስለዚህ እነሱ በመመለስ ሕግ አይመጡም፤ የሚመጡት በመግቢያ ሕግና በመንግሥት ልዩ ውሳኔ ነው። በኖቬምበር 2010 ውሳኔ ተላለፈ፣ በኦገስት 2013 የመጨረሻው በረራ ነው ተባለ። በኖቬምበር 2015 እንደገና ወደ 9,000 ሰው እንዲመጣ ተወሰነ። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2021፣ ከዚያም ከ2022 እስከ 2023 የጹር እስራኤል በረራዎች መጡ። በእነዚህ ሁሉ መካከል የእማማ ወንድም ጎንደር ላይ ሞተ።

ሴት ልጁ፣ ማለት የእናቴ የአጎት ልጅ፣ ከልጆቿ ጋር እዚያው አለች። በዋትስአፕ እናያታለን። የእማማን ቅንድብ ነው የያዘችው። ባለፈው ዓመት ከእናቴ ጋር ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። ጸሐፊዋ ክፉ ሰው አልነበረችም፣ ውኃም ሰጠችን። እህትና ወንድም የቅርብ ዘመድ ነው፣ የወንድም ልጅ ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለም አለች። እናቴ ለእማማ ስትነግራቸው እማማ «ወንድሜን ሲቀብሩት መብታቸውንም አብረው ቀበሩት?» ብለው ነበር። ያን ጊዜ አልገባኝም።

እማማን በጣም ያናደዳቸው «በፈቃዱ» የምትለዋ ቃል ናት። ከዕብራይስጥ ስተረጉምላቸው ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ። «ባላባት ፊት የቆመ ጭሰኛ ምን ፈቃድ አለው? ያን ሕግ የጻፈው ሰው ጭሰኛ ሆኖ ያውቃል?»

አባባ «ሕግ ሕግ ነው» አሉ።

እኔም፣ አሁን ሳስበው ዝም ማለት ነበረብኝ፣ ደብተሬን ገልጬ አነበብኩላቸው። መብት ከፈጣሪ ነው፣ መንግሥት ጸሐፊ ነው፣ አንዳንዴ ይሰርዛል። የገዛ ቃላቸው ነው። አባባ ምንም ሳይሉ ተነሥተው ገቡ። ያን ሰንበት በማዕድ ላይ በረከቱን ብቻ ብለው ዝም አሉ።

ሽማግሌዎች ሆይ፣ አባባን እንዳትፈርዱባቸው የእሳቸውንም ነገር መጻፍ አለብኝ። ከጥቂት ቀን በኋላ ለብቻዬ ጠርተው ነገሩኝ። እናታቸው የሠሩትን ሸክላ ገበያ ላይ ቡዳ ናት እያሉ ሰብረውባቸዋል። አባታቸው አንዴ ሳይሆን ሦስት ጊዜ ከመሬት ተነቅለዋል። «አንዲት ቃል ብንል ሁሉም ይቀርልን ነበር። አላልንም። ሁሉም እሺ ብሎ ቢጠመቅ ኖሮ፣ ወደ እየሩሳሌም ተመላሽ የሚባል ማን ይተርፍ ነበር? እንቢ ያለና እሺ ያለ እኩል ከሆነ እናቴ ለምን ተደበደበች?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁንም ሙሉ መልስ የለኝም። በዚህ ጉዳይ በማኅበረሰባችን ሽማግሌዎች መካከልም አንድ ሐሳብ እንደሌለ አውቃለሁ፤ እኔ የ17 ዓመት ልጅ ነኝ፣ ፈራጅ አይደለሁም።

ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። መብቱ በመከራ የተገዛ ዋጋ ከሆነ እኔ ምን ከፈልኩ? እኔ የተወለድኩት እዚህ፣ ንጹሕ ሆስፒታል ውስጥ ነው። ማንም ተጠመቂ ብሎኝ አያውቅም፣ አልተራብኩም፣ በእግሬ የሄድኩት ረጅሙ መንገድ የትምህርት ቤት ሽርሽር ነው። ሆኖም መታወቂያ አለኝ፣ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቀኝም። ጎንደር ያለችው ልጅ ደግሞ ልክ በእኔ ዕድሜ ናት። እሷም ማንንም አልካደችም፤ በፈቃዷ የሠራችው ነገር የለም። ቅድመ አያታችን አንድ ናት። እንግዲህ ከልደት ከሆነ ለሁለታችንም ነው። ከሕግ ከሆነ ደግሞ እኔም ነገ በሌላ ሕግ ላጣው እችላለሁ ማለት ነው፣ ይህ ያስፈራኛል።

ሕግን ግን አልንቅም። ስግድን አባቶቻችን ያለ ማንም ፈቃድ በተራራ ላይ አክብረውታል፣ ሕግ አልፈጠረውም። ነገር ግን በ2008 ክነሴት በሕግ ካጸደቀው ወዲህ አባቴ ዕለቱን ዕረፍት ለመውሰድ አለቃውን መለማመጥ ቀርቶለታል። እማማ ይህን ስላቸው «ሕግ እኮ ጥሩ ነው፤ ወደኛ በኩል ሲመጣ» አሉ።

ሁለቱ ሳምንት ካለፈ በኋላ፣ እሑድ ጠዋት፣ አባባ «ወረቀት አምጪ፣ በዕብራይስጥ የምጽፈው አለኝ» አሉኝ። እናቴ በልዩ ሁኔታ እንዲታይላት ለአጎቷ ልጅ ማመልከቻ አዘጋጅታ ነበር፤ ዘሯን የሚያውቅ ሽማግሌ እንዲመሰክር ያስፈልግ ነበር። እማማ ዘመድ ስለሆኑ የእሳቸው ብቻ አይበቃም፣ አባባ ደግሞ የዚያን አገር ሰው ትውልድ ሁሉ ያውቃሉ። እስከዚያ ቀን ማንም ሊጠይቃቸው አልደፈረም ነበር።

ለጋብቻ እንደሚቆጠረው ሰባት ትውልድ ቆጠሩልኝ። በአባቷም በእናቷም በኩል፣ ማን ከየት መንደር፣ ማን የማን ልጅ፣ ማን የት እንደተቀበረ። እኔ እጄ ደክሞኝ እያረፍኩ ነው የጻፍኩት። አባቷ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። የጥምቀቱን ነገር ትተዉት ይሆን ብዬ ጠበቅኩ።

«ጻፊ» አሉኝ። «በ1965 ዓ.ም. ተጠምቋል። ባላባቱ ከመሬቱ እነቅልሃለሁ ብሎት ነው። በዚያን ጊዜ አራት ልጆች ነበሩት። እኔ አብሬው አላረስኩም ነበር፣ ነገር ግን አይቼዋለሁ።»

«በፈቃዱ ነው ወይስ ያለ ፈቃዱ ልበል?» አልኳቸው።

«እኔ ያየሁትን ነገርኩሽ። ያንን የሚያነበው ሰው ይወስን» አሉ። እማማ በሩ ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። ምንም አላሉም፤ ቡና ሊያፈሉ ገቡ።

አባባ ፊርማቸውን በአማርኛ ፈረሙ፣ ከሥሩ በዕብራይስጥ ደገሙት። በማግሥቱ ከእናቴ ጋር ወደ ፖስታ ቤት ወስደን በአደራ ደብዳቤ ላክነው። ደረሰኙን እማማ በሻሽ ጠቅልለው ይዘውታል። ይህን እስከ ጻፍኩበት ቀን ድረስ መልስ አልመጣም።